የቤት ድርሻን ደረጃ በደረጃ ስለ ማሳደግ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የቤት ዋጋ ከሠራተኛው ገቢ ቀድሞ በሚሮጥበት አገር፥ ቤትን ከፋፍሎ የመግዣ ዘዴ መፈለጉ አይቀርም። በእንግሊዝ አገር ከ1970ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የተስፋፋው የጋራ ባለቤትነት ውል ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱ ነው። ገዢው ዐቅሙ የፈቀደለትን ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ በባንክ ብድር ይገዛል፤ በቀረው ድርሻ ላይ ለአከራዩ ድርጅት ኪራይ ይከፍላል፤ ገንዘብ ባገኘ ቍጥርም ድርሻውን ያሳድጋል። ይህንንም «ስቴርኬሲንግ»፥ ይኸውም ደረጃ መውጣት ይሉታል።

«ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ አሠራር የተነገረ ይመስላል። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ደረጃ ዋጋ የሚወሰነው ቤቱ በተገዛበት ቀን ሳይሆን፥ ደረጃው በሚወጣበት ጊዜ በሚኖረው የገበያ ዋጋ ነው።

ለምሳሌ ያህል 300,000 ፓውንድ ከሚያወጣ ቤት 40 በመቶው በ120,000 ተገዛ ይባል። በቀረው 180,000 ላይ 2.75 በመቶ ኪራይ ቢታሰብ በዓመት 4,950 ፓውንድ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የ10 በመቶ ድርሻ ዋጋ 30,000 ነው፤ ቤቱ 360,000 ሲያወጣ ግን ያው ድርሻ 36,000 ይጠይቃል። ገዢው በመካከሉ ያጠራቀመው 6,000 ብቻ ከሆነ፥ ቍጠባው የዋጋውን ጭማሪ ሸፈነ እንጂ አንድ ደረጃ አላስወጣውም።

ሌላም የሚመዘን ነገር አለ። ይህ 10 በመቶ የሚያስቀረው ኪራይ በመነሻው መጠን በዓመት 825 ፓውንድ ነው። 36,000ው በ5 በመቶ ወለድ ቢበደር ግን የዓመቱ ወለድ 1,800 ይደርሳል። ኪራዩ በውሉ መሠረት ከኑሮ ውድነት ጋር ስለሚያድግ ልዩነቱ ይጠብባል፤ ወዲያው ግን አይጠፋም። እንግዲህ የደረጃው ዋና ጥቅም የወር ወጪን መቀነሱ ሳይሆን፥ የወደፊቱ የዋጋ ዕድገት ለነዋሪው እንዲሆን ማድረጉ ነው። ዋጋው ቢወድቅም ጉዳቱ የዚያኑ ያህል የእርሱ ነው።

በእያንዳንዱ ደረጃ የንብረት ገማችና የሕግ ባለሙያ ይከፈላቸዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ትንንሽ ደረጃ ከአንድ ትልቅ ደረጃ ይልቅ ወጪ ያበዛል። በ2021 የወጣው አዲሱ የውል ዐይነት ይህን ለማቃለል ዝቅተኛውን የመነሻ ድርሻ ከ25 ወደ 10 በመቶ፥ ዝቅተኛውን ጭማሪ ከ10 ወደ 5 በመቶ አውርዷል። በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታትም ያለ ገማች፥ በዋጋ መለኪያ ሠንጠረዥ እየተሰላ፥ በዓመት 1 በመቶ መጨመር ተፈቅዷል። ሆኖም በዚህ መንገድ ብቻ የሚሄድ ሰው በ15 ዓመት ከ10 በመቶ ተነሥቶ 25 በመቶ ላይ ይደርሳል እንጂ ባለቤትነቱን አይፈጽምም።

መጨረሻውም ለሁሉ አንድ አይደለም። ድርሻው 100 በመቶ ሲሞላ ኪራዩ ይቀራል፤ ራሱን የቻለ ቤት ከሆነ መሬቱም ብዙውን ጊዜ ለገዢው ይተላለፋል። በፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያለ ክፍል ግን ከሊዝ ውሉ አይወጣም፤ የጋራ አገልግሎት ክፍያውም ይቀጥላል። በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎች ደግሞ ድርሻው ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ውሉ ሊከለክል ይችላል።

ስለዚህ ምክር የሚጠየቅ ባለሙያ ስለ መጀመሪያው ድርሻ ብቻ አስልቶ ደንበኛውን ማሰናበት አይገባውም። ደረጃው የት እንደሚያበቃ፥ በስንት ጊዜና በምን ገቢ እንደሚወጣ ፊርማው ሳይደርቅ ሳይሆን ፊርማው ሳይፈረም መታወቅ አለበት። ወደ ላይ መውጣት የማይችል ገዢ የቤቱ ተከራይም ባለዕዳም ሆኖ ይኖራልና።