ሀ ሁ ከመቁጠር በፊት፦ ልጆቻችንን በጨዋታ ወደ ንባብ ማስገባት

(ቤይሩት ውስጥ በእሁድ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር። መምጣት ላልቻላችሁ እንዲደርስ እንዳለ አትመነዋል።)

ያለችን እሁድ አንድ ናት፣ ብዙ አላስቀምጣችሁም።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት አገር ቤት የሕፃናት አስተማሪ ነበርኩ። ኮሚቴው "ስለ ልጆች ንባብ ንገሪን" ሲለኝ "ለየትኛዋ እናት?" አልኩ። እዚህ መካከል ልጇ አብሯት ቤይሩት የሚኖር አለች፤ ልጇን ለእናቷ ወይም ለእህቷ ትታ የመጣችም አለች። የመጀመሪያዋ ልጅ ሰፈር ውስጥ ዐረብኛ ይሰማል፣ ትምህርት ቤት ከገባ ደግሞ ፈረንሳይኛ ወይ እንግሊዝኛ ይጨመርበታል። አማርኛው ያለው በእናቱ አፍ ብቻ ነው። የሁለተኛዋ ልጅ አማርኛውን ያውቃል፣ እናቱ ግን ስልክ ውስጥ ናት። ሁለቱም እናቶች ሌሊት የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፦ ነገ የምጽፍለትን መልእክት ልጄ ራሱ ያነበዋል ወይስ ሰው ያነብለታል?

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ ንባብ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። ቃል በድምፅ በድምፅ እንደሚቆረጥ ጆሮው ካልያዘ፣ ፊደሉን ብታሳዩትም ሥዕል ነው የሚሆንበት። ስለዚህ "እኔ ራሴ ማንበብ አልችልም፣ ምን ላደርግለት?" የምትሉ እህቶች፣ እናንተም ትችላላችሁ። መጀመሪያው ላይ የሚያስፈልገው አፍና ጆሮ ነው።

ሽንኩርት እየላጣችሁ የሚሆን ጨዋታ ልንገራችሁ። ቃል ትሉታላችሁ፣ ልጁ እያጨበጨበ ይቆርጠዋል። ዳ-ቦ፣ ሁለት ጭብጨባ። ማን-ኪ-ያ፣ ሦስት። ብር-ቱ-ካን፣ ሦስት። እሱ ሲለምድ ሌላ ትጨምራላችሁ፦ "እዚህ ቤት ውስጥ በ'ማ' የሚጀምር ነገር አየሁ፤ ምንድን ነው?" ማንኪያ ሊሆን ይችላል፣ ማር ሊሆን ይችላል። ሲሳሳት "አይደለም" ብላችሁ አታሸማቅቁት፣ እናንተ ደግሞ አውቃችሁ ተሳሳቱና እሱ ያርማችሁ። ልጅ እናቱን ማረም እንዴት እንደሚወድ ታውቃላችሁ።

እንቆቅልሽም አለ። እናቶቻችን መብራት ሲጠፋ የሚጫወቱት እኮ ትምህርት ነበር። "ምን አውቅልሽ" ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ቃል በቃል ማዳመጥ ይለምዳል፣ መልሱ ሲጠፋው "አገር ስጠኝ" ተብሎ ይስቃል። ተረትም እንደዚሁ ነው፤ ተረቱን መሀል ላይ አቁሙና "ከዚያስ ምን ሆነ?" በሉት።

ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ በቤታችሁ የምትናገሩ፣ ይህን ሁሉ በቋንቋችሁ አድርጉት። ኦሮምኛ በቁቤ፣ ትግርኛ እንደ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ የጆሮው ጨዋታ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በደንብ በማታውቁት ዐረብኛ ከምታስተምሩት፣ በራሳችሁ ቋንቋ ብታጫውቱት ይሻለዋል።

አሁን ወደ ፊደሉ። ፊደላችን 33 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት መልክ አለው፣ በድምሩ 231። ብዙዎቻችን የተማርነው ከ"ሀ ሁ ሂ" ጀምሮ በዜማ በመውረድ ነው። ዜማው ጥሩ ነው፣ ግን ልጁን ይሸፍነዋል። ገበታውን እስከ መጨረሻው የሚወርድ ልጅ፣ "ሚ"ን ለብቻዋ ብታሳዩት ከ"መ" ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። ይህንን የቆሎ ትምህርት ቤት የኔታዎችም ያውቁት ነበር፤ "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" የሚለው አቆጣጠር እኮ ቅደም ተከተሉን ይበጥሰዋል፣ ልጁም መልኩን አይቶ እንጂ በዜማ ብቻ አይወጣውም።

ስለዚህ በ231 አትጀምሩ። በስሙ ጀምሩ። ልጅቷ ሳራ ከሆነች "ሳ" እና "ራ" የእሷ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ስታያቸው "የኔ!" ትላለች። ከዚያ "ማማ"፣ ከዚያ የሚወደው ምግብ። የእኛ ፊደል አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ "ላ" ብላ የታየችው ፊደል "ላ" ተብላ ነው የምትነበበው። ላ እና ም አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ላም ወጣች። ልጅ ይህን የሚያይበትን ፊት ማየት ነው!

ዕቃው ከቤት ነው። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቡና ውስጡ ላይ በማርከር አንድ አንድ ፊደል ጻፉ። ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ልጁ እያነሳ ስሙን ይጥራ፤ ያወቃትን ይውሰድ፣ ያላወቃት ለእናንተ ትሁን። (ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆርኪ አትስጡ፣ ወደ አፉ ነው የሚከተው። ለእሱ ካርቶን በትልቁ ቁረጡለት።) ትሪ ላይ ጨው በትናችሁ በጣት ማጻፍም ይቻላል፤ ጨው ተመልሶ ዕቃው ውስጥ ይገባል፣ ወጪ የለውም። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወታችሁ፣ ሳጥኖቹ ውስጥ ፊደል ጻፉና የረገጠውን እየጠራ ይዝለል። ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ የታች ጎረቤት ከመጮሁ በፊት።

የሚመሳሰሉትን በአንድ ቀን አታምጡ። ጸ እና ጰ አንድ ላይ ከመጡ ለወራት ይምታቱበታል። ባርኔጣ ያደረጉትን ግን ኋላ ላይ አንድ ላይ አሳዩት፤ ሰ ባርኔጣ ስታደርግ ሸ፣ ነ ባርኔጣ ስታደርግ ኘ፣ ደ ባርኔጣ ስታደርግ ጀ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ሲሰለች አቁሙ፤ እያለቀሰ የተማረውን ነገ አይፈልገውም።

ልጃችሁ አገር ቤት ላለ፣ ስልኩን እንዲህ ተጠቀሙበት። ቪዲዮ የኔትወርክ ነገር ነው፣ ማዳምም ሁልጊዜ አትፈቅድም። የድምፅ መልእክት ግን ሌሊት ከሥራ በኋላ ተቀድቶ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ይሄዳል፣ ልጁም ደጋግሞ ይሰማዋል። "የዛሬ ፊደልህ በ ናት። ቤት ውስጥ፣ ደጅም ውጣ፣ በ'በ' የሚጀምር ሦስት ነገር ፈልግና በድምፅህ ላክልኝ።" በር ይላል፣ በግ ይላል፣ በርበሬ ይላል፤ አያቱም አብራ ትፈልጋለች። መልሱ ሲመጣ በማግስቱ ሌላ ፊደል። ቪዲዮ ሲገኝ ደግሞ በወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ፊደል ጻፉና በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ከጎን በኩል ቀስ እያላችሁ ግለጡት፣ ማን እንደሆነች ይገምት። "ምን በላህ? እሺ፣ ጎበዝ ሁን" ብሎ ከሚያልቅ ጥሪ ይህ ይረዝማል፤ ልጁም ስልኩን ጥሎ አይሮጥም።

አንዳንዶቻችሁ "ጊዜ የት አለኝ" ትላላችሁ፣ እውነታችሁን ነው። ግን አስቡት፤ ስንቶቻችን ነን ቀኑን ሙሉ የማዳምን ልጅ የምናጫውተው፣ የምናስቆጥረው፣ መጽሐፍ የምንገልጥለት? ሙያውን ይዘነዋል። ያንኑ ጨዋታ፣ ያንኑ ድምፅ፣ ሌሊት ሦስት ደቂቃ ቀድታችሁ ለራሳችሁ ልጅ ላኩት።

ቆርኪ በከረጢት ሰብስቤ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። እያንዳንዳችሁ ሃያ ሃያ ውሰዱ። ማርከሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ እዚሁ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ሰው አቀብሉ። መጻፍ የምትቸገሩ እኔ ጋ ኑ፣ የልጃችሁን ስም ንገሩኝና በሱ እንጀምራለን።