ልጆቻችን ኮዲንግን በፊደላቸው ይጀምሩ

ወገኖቼ! ወጣቶች!

የኔታ ትናንት የመጣን ልጅ «ዳዊት ድገም» አይሉትም። መጀመሪያ ሀሁ፣ ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ከዚያ ንባብ። ዳዊት ተራው ሲደርስ ነው። እኛ ግን «ኮዲንግ እናስተምር» ብለን የ8 ዓመት ልጅ ፊት በቀጥታ ፓይተን እንደቅናለን።

ልጁ ምን ይገጥመዋል? አንድ ኮሎን ረሳ፣ ፕሮግራሙ እምቢ አለ። ስህተቱን የሚነግረው ጽሑፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውንም፣ ኪቦርዱንም፣ ነጥቡንና ቅንፉንም፣ አስተሳሰቡንም በአንድ ቀን ተሸከም አልነው። ከዚያ «ኮምፒውተር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይነሳል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ መሰላችሁ? በር ላይ ያቆመው የሰው ቋንቋ ነው። ስንት ጭንቅላት እንዲህ እንደምናጣ አስቡት!

መፍትሔው በእጃችን አለ፤ ስክራች ይባላል። የአሜሪካው ኤምአይቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ነው። ነፃ ነው፤ አማርኛ አለው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ልጁ ትእዛዙን በመጻፍ ፈንታ እንደ ብሎኬት እየጎተተ ይገጣጥማል። «100 እርምጃ ሂድ፣ 90 ዲግሪ ዙር፤ ይህን 4 ጊዜ ድገም» ሲል ስክሪኑ ላይ ያለችው ድመት በአራት ማዕዘን ዞራ መነሻዋ ላይ ትቆማለች። 4ቱን 3 ቢያደርገውስ? መነሻዋ ላይ አትደርስም። ለምን? ራሱ ይፈልገው። ፕሮግራሚንግ ማለት ይኸው ነው!

ገና ማንበብ ላልጀመሩት ደግሞ በሥዕል ብቻ የሚሠራው ስክራች ጁኒየር አለ።

«ይሄማ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ጨዋታ ሆኖ እንዳይቀር ማድረግ የኛ ሥራ ነው። «ድገም»ን፣ «ከሆነ… ካልሆነ»ን፣ ተለዋዋጭን ሲገባው ወደ ፓይተን እናሻግረው። ያኔ አዲስ የሚሆንበት አጻጻፉ ብቻ ነው፤ ሐሳቡ ቀድሞ የራሱ ሆኗል። እንግሊዝኛም ይማር! ግን እንግሊዝኛ እስኪችል ድረስ ጭንቅላቱ ሥራ አይፍታ።

ስለዚህ ላፕቶፕ ያለህ ወንድሜ፣ ላፕቶፕ ያለሽ እህቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈራችሁን ሦስት ልጆች ሰብስቡ። አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ይበቃል፤ ማውሱን በየተራ ይያዙ። እናንተ እንዳትነኩት! ሲሳሳቱ «ምን እንድታደርግ ነበር የፈለጋችሁት?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ መለጠፉ ቀላል ነው። አንድ ልጅ በፊደሉ እንዲያስብ ማድረግ ግን ቅዳሜን ይጠይቃል። ቅዳሜያችንን እንስጥ!

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!