ፕሬድኒሶሎን ከመታዘዙ በፊት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ባሉት የወለጋ ከተሞች ለምንሠራ ባለሙያዎች የሆድ ትል አዲስ ነገር አይደለም። ወስፋትን ዕንቁላሉን አይተን እናውቀዋለን፤ መድኃኒት ሰጥተንም እናሰናብተዋለን። ዛሬ የማነሣው ግን በቀላሉ የማይሰናበተውን፣ ስትሮንጂሎይድስ የተባለውን ነው።

ይህ ትል በእርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ከሌሎቹ የሚለየው እዚያው አንጀት ውስጥ እየተፈለፈለ ሰውነትን እንደገና መውረር መቻሉ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታይላንድና በበርማ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የዋሉ ምርኮኞች ወደ አገራቸው ከተመለሱ ከ40 ዓመት በኋላ እንኳ ትሉ ተገኝቶባቸዋል። በልጅነቱ በባዶ እግሩ ቡና ሲለቅም ያደገ ሽማግሌም እንዲሁ ተሸክሞት ሊኖር ይችላል።

ሰውነት ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ትሉ አድፍጦ ይኖራል። ለአስም ወይም ለኩላሊት ሕመም ፕሬድኒሶሎን ሲታዘዝ ግን ዘበኛው ከበሩ ተነሣ ማለት ነው። እጮቹ አንጀትን በስተው ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ይጓዛሉ፤ የአንጀትን ባክቴሪያ ይዘው ስለሚሻገሩም የደም መመረዝና ማጅራት ገትር ይከተላል። ሳሉ የአስም መስሎ ይታይና የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ይጨመራል! እዚህ ደረጃ የደረሰ በሽተኛ መዳኑ እጅግ ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴክሳሜታዞን ለኮቪድ መታዘዝ ከጀመረ በኋላም በልዩ ልዩ አገሮች እንዲህ ያለ አደጋ ተመዝግቧል።

የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ አይቀየሙኝ፤ «ትል የለም» የሚለው ወረቀት እዚህ ላይ አያስተማምንም። ካቶ ካትዝ የሚቆጥረው ዕንቁላል ነው፤ ይህ ትል ግን በዓይነ ምድር የሚወጣው እጭ ሆኖ፣ ያውም ጥቂት በጥቂት ነው። ቤርማን የተባለው ዘዴ ከፈነል፣ ከጨርቅና ለብ ካለ ውኃ ሌላ ብዙ አይጠይቅም።

በትምህርት ቤት የሚታደለው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ኢቨርሜክቲን ነው። ይህም ለወለጋ እንግዳ አይደለም፤ ሜክቲዛን በሚል ስም ለኦንኮሰርኪያሲስ በየመንደሩ ሲታደል ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን በዕደላው ደንብ በጠና የታመመ ሰው ይታለፋል። ፕሬድኒሶሎን የሚታዘዝለትም ብዙ ጊዜ ያው የታለፈው ሰው ነው።

ስለዚህ ከእርጥብ ቀበሌ ለመጣ በሽተኛ ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት በኪሎ 200 ማይክሮግራም ኢቨርሜክቲን እንዲሰጠው፣ ለዚህም ጥቂት ፍሬ በየሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት እንዲቀመጥ ማኅበራችን ለጤና ቢሮው በጽሑፍ ያመለክት ዘንድ አሳስባለሁ።