ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርእሳችን ወረርሽኝ ሲመጣ በሰው ልብ ውስጥ ስለሚለዋወጠው ነገር ነው። ትናንት ትልቅ መስሎ የታየን ያንሳል፤ ከቁም ነገር ያልቆጠርነው ደግሞ ውድ ይሆናል። ታዲያ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ከዚህ ለውጥ ምን ይተርፋል?

ቁርኣን በሱረቱ ዩኑስ በባሕር ላይ ስለሚጓዙ ሰዎች ይነግረናል። ነፋሱ ሲመቻቸው ተደስተው ይሄዳሉ። ማዕበሉ ከየአቅጣጫው ሲከባቸው ግን ሌላውን ሁሉ ትተው አላህን ብቻ በንጹሕ ልብ ይለምናሉ፤ ከዳኑም አመስጋኝ ለመሆን ቃል ይገባሉ። የብስ ላይ ሲደርሱ ወደ ቀድሞው በደላቸው ይመለሳሉ። ልብ እንበል! እነዚያ ሰዎች በማዕበሉ መካከል ሲለምኑ ልመናቸው የማስመሰል አልነበረም። ጉድለታቸው የታየው ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

እኛም ማዕበሉን አይተናል። የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012፣ በዕለተ ጁሙዓ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን የ1441 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን፤ የዒድ ሶላትንም እንዲሁ። በፊተኛው ዓመት ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሕዝብ ያደረገውን ሐጅ በዚያ ዓመት በሳዑዲ ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ አደረጉት።

ያኔ ብዙዎች፣ «ከመስጂድ መራቅ የኢማን ድክመት አይሆንም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። መልሱ ከሶሐቦች ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ በሻም ታዑን መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አንሷሮችንም አማከሩ፤ አስተያየታቸው ተለያየ። የቁረይሽ ሽማግሌዎች ግን በአንድ ድምፅ መመለስን መከሩ። ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲሰጉ፣ ዑመር ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር መሄድ መሆኑን አስረዷቸው። ግመሎቹን ከደረቁ ሜዳ ይልቅ በለምለሙ የሚያሰማራ እረኛ በሁለቱም በኩል በአላህ ቀደር ውስጥ መሆኑን በምሳሌ ነገሯቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም፣ ሸሽቶ ከዚያ መውጣትንም መከልከላቸውን መሰከሩ።

በዚህ ሐዲስ ውስጥ ሁለት ግዴታ አለ። አትግባ ሲባል ራስህን ጠብቅ ማለት ነው፤ አትውጣ ሲባል ግን ሌላውን ጠብቅ ማለት ነው። የአንተ ትንፋሽ የጎረቤትህ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ታላቁ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ስለ ታዑን መጽሐፍ ጽፈዋል። ሴቶች ልጆቻቸውን በታዑን ያጡ አባት ነበሩ። በ833 ዓመተ ሒጅራ ካይሮ ውስጥ በቀን የሚሞተው ሰው ከ40 በታች በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ ወደ ሜዳ ወጥቶ በአንድነት ዱዓ እንዳደረገ፣ ወሩ ሳያልቅም የሚሞተው በቀን ከ1000 በላይ እንደደረሰ ጽፈዋል። ዱዓ ሁልጊዜ ተፈላጊ ነው፤ ተሰብስቦ መጨናነቅ ግን ዱዓ አይደለም።

አድማጮቻችን፣ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው በአንድ ጀምበር ናረ። የሰውን ስጋት ትርፍ ያደረገ ነጋዴ ነበር። በዚያው ከተማ የተከራዮቹን የወር ኪራይ የተወ የሕንፃ ባለቤት፣ ማዕድ ማጋራት በተባለው ጥሪ እህልና ዘይት ይዞ ወደ ችግረኛ ቤት የሄደ ወጣትም ነበር። ሁለቱንም ያስጨነቃቸው አንድ በሽታ ነው። ፈተና በልብ የተቀመጠውን ያወጣዋል እንጂ ከባዶ አይፈጥረውም። ዋጋ እስኪወደድ ሸቀጥ ደብቆ የሚያከማች ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት ለወረርሽኝ ጊዜ ብቻ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። እንግዲህ የብስ ላይ ነን፤ ጥያቄውም አሁን የኛ ነው። ያኔ በስልክ በየቀኑ ደኅንነታቸውን የጠየቅናቸውን አሮጊት ዛሬ በሳምንት አንዴ እንጠይቃቸዋለን? ጀናዛ በጥቂት ሰው ሲሸኝ ያለቀስን ሰዎች፣ ዛሬ የጎረቤት ጀናዛ ሲወጣ ሱቃችንን ዘግተን እንከተላለን?

አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ስለዚህ ትልቅ ቃል አንግባ፤ ሦስት ትንንሽ ነገሮችን እንያዝ።

አንደኛ፣ ኑዛዜያችንን እንጻፍ። ኑዛዜ የሚያደርግበት ነገር ያለው ሙስሊም ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው በሐዲስ ተነግሯል። ያለብንን ዕዳና በእጃችን ያለውን አማና ቤተሰባችን ይወቅ። በወረርሽኙ ጊዜ በድንገት የሄዱ ሰዎች ዕዳቸው ለልጆቻቸው እንቆቅልሽ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛ፣ ስንታመም ሌላውን እንጠብቅ። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በጠረኑ ሰጋጆችን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ታዟል። ጠረን ይህን ያህል ከታሰበበት፣ የሚተላለፍ ሳል የያዘው ሰው በቤቱ ቢሰግድ ምንኛ የተገባ ነው!

ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ ችግረኛ ቤት እንያዝ። ዘመቻ ሲታወጅ ብቻ ሳይሆን በየወሩ፣ ማንም ሳያይ፣ የምንችለውን እናድርስ።

ያ ረብ! በጭንቅ ጊዜ ያወቅነውን በምቾት ጊዜ ከሚረሱት አታድርገን። በወረርሽኙ ያጣናቸውን ወገኖቻችንን ማራቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብሩን ስጣቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።