ቅመሙ ያልቃል፣ ገሉ ይመሰክራል

 

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የዛሬውን ወጋችንን ከየቤታችን ጓዳ እንጀምር። ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ቅመም ግን ይበላል፤ ሽታውም በኖ ይጠፋል። ታዲያ ከሺህ ዓመት በፊት ነጋዴዎች ቅመምን በባሕር ያመላልሱ እንደነበር በምን እናውቃለን? መጻሕፍት ነግረውናል። ከመጻሕፍቱ ጎን ግን ሌላ ምስክር አለ፤ እርሱም የተሰበረ ሸክላ፣ ገል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ ጠላቂ አጥማጆች የሰመጠ መርከብ አገኙ። ሳንቃዎቹ እንደ ጥንት የዐረብ መርከቦች ያለ ምስማር በገመድ የተሰፉ ነበሩ። ጭነቱ 60,000 ያህል የቻይና ሸክላ ነበር፤ አብዛኛው በቻንግሻ የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ሲሆን በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ተደራርቦ ተቀምጦ ነበር። ኮከብ የሚመስለው የቻይና ቅመምም አብሮ ተገኝቷል። በአንዱ ሳህን ላይ የተጻፈው ቀን እ.ኤ.አ. 826 ላይ ይውላል። ይህም 211 ዓመተ ሒጅራ፣ የኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ነው።

ወንድሞችና እህቶች! አንድ ሳህን ይህን ያህል ነገረን። ይሁን እንጂ መርከቡን ያወጣው ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ነበር። ብዙ የጥንት ቅርስ ተመራማሪዎች ይህን ተቃወሙ፤ በዋሽንግተን ሊታይ የነበረው ኤግዚቢሽንም እ.ኤ.አ. በ2011 ተላልፎ በኋላ ቀረ። ዕቃው ዛሬ በሲንጋፖር ሙዚየም ይታያል። የተመራማሪዎቹ ሙግት ግልጽ ነው፦ ዕቃው የት፣ ከምን ጋር፣ በስንት ጥልቀት እንደተገኘ በጥንቃቄ ካልተመዘገበ የምስክርነቱ ግማሽ ይጠፋል።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ፣ የአካባቢው ሰው የፍርስራሹን ድንጋዮች ትልቅነት እያየ «እዚህ ግዙፋን ይኖሩ ነበር» ሲል ኖሯል። ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረጉት ግን ሌላ ነው፦ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ዶቃ፣ የባሕር ዛጎልና ከቻይና የመጣ ሸክላ። ግዙፋን ሳይሆኑ፣ እንደኛው የሚሰግዱ፣ የሚነግዱና ከሩቅ አገር ጋር የሚገበያዩ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ ከማሳ ላይ ቀለም የተቀባ ገል ይዞ ቢመጣ «ጣለው» አትበሉት፤ ለሻጭም አትስጡት። ያገኘበትን ቦታ ያሳያችሁ፤ ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤትም አሳውቁ። ያለፉት ሰዎች ታሪካቸውን ሊነግሩን አይመለሱም። የተዉልን ምስክር ይህ ገል ነው፤ እርሱም በእጃችን ያለ አማና ነው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።