ዘረፋና ተቀበል፦ ድንገተኛ ፈጠራ እንደ ዕውቀት



በትምህርት ተቋማት ውስጥ «ከወረቀት ውጭ ተናገረ» የሚለው አገላለጽ ብዙ ጊዜ ነቀፌታ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው፣ ድንገተኛ ፈጠራ የዝግጅት ተቃራኒ ሳይሆን ረዥም ዝግጅት የሚፈተንበት መድረክ መሆኑን ነው። ለዚህም ሁለት ምስክሮች እጠራለሁ።

አንደኛው የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሦስት ቤት ባለው ዘአምላኪየ በኩል አልፎ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የግእዙን ግስ ከነርባታው ያጠናል፤ የዜማውን ልክ ይለምዳል፤ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት ይማራል። ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ይህ ሁሉ ድካም የዕለቱን በዓል ከዕለቱ ጉዳይ ጋር አስማምቶ፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ቅኔ ለማቅረብ ነው። ሊቃውንቱ ይህን «ዘረፋ» ይሉታል። በቅኔ ቤት መዝረፍ ማለት የሌላውን መውሰድ ሳይሆን የራስን ማፍለቅ ነው። በእኛ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ ወደ ተለመደው ትርጉሙ እንዳይመለስ እሰጋለሁ።

ሁለተኛው ምስክር አዝማሪው ነው። በእጁ ያለችው ባለ አንድ አውታር ማሲንቆ ናት፤ በውስጡ ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እንዲሁም ስፍር ቁጥር የሌለው የቤት መምቻ ክምችት አለ። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት፣ ተቀብሎ በዜማው ልክ ያስገባዋል። አድማጩ ለጆሮ ማረፊያ የሚቈጥራት የማሲንቆ ጨዋታ ለእርሱ የማሰቢያ ጊዜ ልትሆን ትችላለች። የተወረወረው ግጥም አጠገብ የተቀመጠውን ሰው የሚያስቀይም ከሆነ ደግሞ፣ ላኪውን ሳያሳፍር ተነካሹን የሚያድን ቃል በዚያች ቅጽበት መምረጥ አለበት። ይህ የዜማ ችሎታ ብቻ ሳይሆን ፍርድም ነው።

እኛስ? ተማሪዎቻችን የሰጠናቸውን ማስታወሻ በቃላቸው ይዘው ይመልሱልናል፤ እኛም ውጤት እንሰጣለን። በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ ግን በስላይዱ ያልተጻፈ አንድ ጥያቄ ሲነሣ ዝምታ ይወርዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኮርስ ቢያንስ አንድ የቃል ፈተና እንዲኖር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ጥያቄው አስቀድሞ ያልታወቀ፣ ነጥቡም ለአስተሳሰቡ መንገድ የሚሰጥ ይሁን።

«ይህ አፈኛውን ይጠቅማል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱም ከዚያው ከቅኔ ቤት ይገኛል፤ ሕጉን የሚያውቅ አድማጭ በተቀመጠበት ጉባኤ ባዶ ንግግር ወዲያው ይጋለጣል። እንግዲህ ሸክሙ በተማሪው ላይ ብቻ አይወድቅም። በጥሞና ሰምቶ በዚያው ቅጽበት ማረም የሚችል መምህር ያስፈልጋል፤ ያም መምህር የራሱን ማስታወሻ መዝጋት ይኖርበታል።

እኔም የእኔን እዚህ ላይ እዘጋለሁ። ተራው የእናንተ ነው፤ ጠይቁ፣ እቀበላለሁ።