ዝናብ ሲመጣ፣ ዳውሌ ስትሄድ

ስለ መብራት ተናገሪ ስባል ሳቅሁ። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ግን ሲን ኤል ፊል ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት «ዳውሌ መጣች፣ ዳውሌ ሄደች» እያልኩ ነው። ልብስ የሚታጠበውም የሚተኮሰውም በእሷ ሰዓት ነው። ዳውሌ መጣች ተብላ በእኩለ ሌሊት ያልተቀሰቀሰች ካለች እጇን ታውጣ።

ዳውሌ የመንግሥት መብራት ነው፤ ኢሽቲራክ ደግሞ ማዳም በአምፔር የምትከፍልበት የሰፈር ጄኔሬተር። ኦክቶበር 9 ቀን 2021 ነዳጅ አልቆ ዴይር አማርና ዛህራኒ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ቆሙ፣ የመንግሥት መብራት በመላው ሊባኖስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ነው ጣራው ሁሉ ሶላር የሆነው። እኔም ችግሩ ነዳጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወንድሜ ደብረ ታቦር መብራት ኃይል ነው የሚሠራው፣ ምሰሶ ላይ የሚወጣ። በስልክ ስጠይቀው «ማመንጫ ሌላ፣ መስመር ሌላ» አለኝ። ነዳጅ ሞልቶ ቢፈስም ምሰሶ ከወደቀ መብራት የለም። ነፋስ ሽቦን ከሽቦ ያጋጫል፣ ቅርንጫፍ ይጥልበታል፤ እዚህ ተራራው ላይ ደግሞ በረዶ ያከብደዋል። እኛ አገር የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከሥሩ ይበሰብስና ክረምት ሲገባ ይወድቃል፤ ለዚህ ነው በኮንክሪት የሚተካው። መድኃኒቱ ቀላል ሥራ ነው አለኝ፤ ዝናብ ሳይመጣ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ የዛለ ምሰሶ መቀየር፣ ገንዘብ ካለ ሽቦውን መቅበር። የተቀበረም ቢሆን ጎርፍ ሲገባበት ብልሽቱን መፈለግ አድካሚ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መስመሩን በየክፍሉ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ማድረግ ነው። የሳሎኑ ዲጆንክተር ሲወርድ ኩሽናው እንደማይጠፋው ማለት ነው፤ አንድ ሰፈር ሲበላሽ ከተማው አይጨልምም።

ይህን የሚያዝዝ ማዕከል ያስፈልጋል። የሊባኖሱ ማር ሚካኤል፣ መብራት ኃይሉ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ኦገስት 4 ቀን 2020 ወደቡ ሲፈነዳ ወደመ። ያን ቀን የት እንደነበርን ሁላችንም እናውቃለን። በ2025 የዓለም ባንክ ለመስመሩና ለሶላር 250 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተፈራርሟል። እስኪሠራ ግን በረንዳው ላይ የተንጠለጠለው የሽቦ መዓት ከእኛ ጋር ነው።

በጃንዋሪ 2019 ኖርማ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ሌላ ቤት ነበርኩ። ከላይ ፎቅ የተበጠሰ ሽቦ በረንዳችን ላይ ወደቀ። «በመጥረጊያው ግፊው» ተባልኩ። እንጨት ነው ብዬ ገፋሁት። እንጨቱ ርሶ ነበር፤ የረሰ እንጨት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ፣ ክንዴ ሦስት ቀን ደነዘዘ። እምቢ ማለት እንደሚቻል አላወቅሁም ነበር። አሁን የምለው ይህን ነው፦ «ማዳም፣ ፊ ማይ፣ ፊ ካህራባ፣ ማ ፊዪ»። ተለማመዱት። ብትቆጣም ትቆጣ።

በዝናብ ጣራ ላይ ሶላር ልጥረግ ብላችሁ አትውጡ። ዳውሌና ኢሽቲራክ ሲቀያየሩ አሳንሰር ውስጥ እንዳትቀሩ፣ ማዕበል ባለበት ቀን በደረጃ ሂዱ፤ ገበያው ከባድ ከሆነ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ስልካችሁን ዳውሌ እያለች ሙሉት። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል አትተኙ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ጓደኛችሁን ኤሌክትሪክ ከያዛት በእጃችሁ አትጎትቷት፤ መጀመሪያ ዲጆንክተሩን አውርዱ፣ ከዚያ ቀይ መስቀል 140 ደውሉ። ሽቦ ወድቆ እሳት ከተነሣ ሲቪል ዲፌንስ 125 ነው።

ሲደወል የሚጠየቀው «ወይን» ነው። እዚህ ቤት በቁጥር አይፈለግምና የሕንፃችሁን ስምና አጠገቡ ያለውን ሱቅ በዐረብኛ ያዙ። የማታውቁ ካላችሁ ከሻዩ በኋላ እኔ ጋ ኑ፣ በአማርኛ ፊደል እጽፍላችኋለሁ።